ክንፊት ደረጃ ስትወርድ

በስቱዲዮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ዝግታ» ይላታል። አንድ የዓይን ጥቅሻ ለመሳል ግማሽ ቀን ስለምትፈጅ የወጣላት ስም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ሲያሾፉባት፣ «የማስኬደው እኔ አይደለሁ እንዴ?» ትላለች፤ ቀና ብላ እንኳ አታይም።

ሥዕል የጀመረችው ከአባቷ ጋር መሰላል ላይ ወጥታ የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። መስመር የሚጣመመው እጅ ሲፈራ ነው ይላት ነበር። አሁን የአኒሜሽን ሠዓሊ ናት፤ በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ በመሙላት የሚስተካከላት አላየሁም።

ያገናኘን ታናሽ ወንድሜ ነው። ክንፊት የተባለችውን ልዕለ ጀግና በኮሚክ ለዓመታት ሲስል ኖሮ፣ የመጨረሻውን ክፍል እንደጨረሰ አረፈ። እኔ የመዝገብ ቤት ባለሙያ ነኝ፤ ሥዕሎቹን በተራቸው አደራጅቼ ለስቱዲዮው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ፊልሙ የሚሠራው ከዚያ ከመጨረሻው ክፍል ነው። ክንፊት የመብረር ኃይሏን ታጣለች፤ ከሚቃጠል ፎቅ አንድ ሽማግሌ አዝላ በደረጃ ትወርዳለች። ገጾቹ ቃል የላቸውም።

ችግሩ ጉልበቷ ነበር። በአንዱ ሥዕል ቀኙ ይከዳታል፣ በሚቀጥለው ግራው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ሳያስተውለው አልፏል፤ ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ግን አንካሳነቷ ከእግር ወደ እግር የሚዘል ይመስላል። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ። ወንድሜ በዚያ ሰሞን ታሞ፣ አንዳንዴ ራሱን በመስታወት አንዳንዴ ፎቶ እያየ ነበር የሚስለው፤ መስታወት ደግሞ ቀኙን ግራ ያደርገዋል።

ዳይሬክተሩ ሰበሰበን። «ደረጃውን እንተወው» አለ። «ኃይሏ ይመለስላትና በመስኮት ትብረር። ተመልካቹም የሚመጣው ስትበር ሊያይ ነው።»

«ከበረረችማ ታሪኩ ምን ቀረው?» አለች ዝግታ።

«እሺ፣ የግማሾቹን ሥዕሎች ግራና ቀኝ ገልብጪዋ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይገልበጡ?»

የወንድሜ የመጨረሻ የእጅ ሥራዎች ናቸው። «አይገለበጡም» አልኩ።

«በቃ፣ አይገለበጡም። እነሱን ሳልነካ በመሃላቸው ያለውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ና ላዝልህ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ ጠበቀችው። ቀጭን ሰው ነው፤ አዝላው ደረጃውን ስትጀምር የስቱዲዮው ካሜራ ሠራተኛ በስልኩ እየቀረጸ ከኋላ ወረደ።

«ኧረ ልንወድቅ ነው!»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ ነህ። ሽማግሌው ደግሞ ራሱን ስቷል።»

«አሁንስ እኔም ልስት ነው።»

ደረጃው የሚታጠፍበት ላይ ስትደርስ ቀኝ ጉልበቷ ተብረከረከ። ቆመች፤ ትከሻዋን ግድግዳ አስደግፋ ሰውየውን ሽቅብ አደረገችውና ወደ ግራ ጎኗ አዛወረችው። ሁለት ደረጃ ወርዳ ግራው ከዳት።

«አያችሁ? ክንፊት አልቆሰለችም፤ ሸክሙ ከብዷት ነው» አለች እያለከለከች።

«ገባኝ፣ አውርጂኝ።»

«ገና አንድ ፎቅ ይቀረናል።»

ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ዳይሬክተሩ በየጊዜው ብቅ እያለ «የት ደረስሽ?» ሲላት፣ «ደረጃው ላይ» ትለዋለች። አይቼ ካልወደድኩት እቆርጠዋለሁ ብሎ ነበር።

ያለቀ ዕለት እኔንም ጠሩኝ። በጨለማው ክፍል ክንፊት ቁልቁል መጣች። የወንድሜ ሥዕል በቦታው አለ፣ ቀኝ ጉልበቷ ሲከዳት። ቀጥሎ እሱ ያልሳለው መጣ፤ ግድግዳውን ተደገፈች፣ ሽማግሌውን ሽቅብ አደረገችው፣ ተነፈሰች። ቀጥሎ ደግሞ የእሱ ሥዕል፣ ግራው ሲከዳት። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ አውቃለሁ። ትክክል ሆኖ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳይሬክተሩ ወገቡን እያሻሸ «ፊልሙ ውስጥ ይግባ» አለ።

ዝግታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «እኔ ሸክሙን ብቻ ነው ያዛወርኩት፣ እትዬ። ሌላው የወንድምዎ ነው። ልድገምልዎት?»

«ድገሚልኝ» አልኳት። «ቀስ አድርገሽ።»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»