በግድ በድል ያለቀው ታሪኬ

«ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፤ መጨረሻው ግን የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል» አለችኝ ዛሬ ቆቦ ላይ አንዲት ወጣት አስተማሪ፣ የድሮ ደብተሬን አንብባ ስትመልስልኝ።

ሳቅሁ። እውነቷን ነው።

በደርግ ጊዜ ሮቢት አስተምር ነበር። ያን ታሪክ የጻፍኩት የመኪና መንገድ ዳር ቆማ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ነው። ልጁ አይመጣም፤ ታሪኩም እዚያው ያበቃል።

ጽሑፍ የሚመረምረው ካድሬ ግን «ጓድ፣ ትካዜ ለአብዮቱ ምን ይጠቅማል? በድል ጨርሰው» አለኝ። ፈራሁና ሴትዮዋን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አደረግኋት። (ያን ጊዜ በየልብ ወለዱ ሊቀመንበር የማይሆን ሰው አልነበረም።)

አብሮኝ የሚኖረው መምህር ሰይድ የመጀመሪያውን አንብቦት ነበር፤ አዲሱንም አንብቦ ደብተሩን መለሰልኝ። «ወላሂ፣ ሴትዮዋን አጠፋሃት። መልሳት» አለኝ።

«ጊዜው ሲያልፍ እመልሳታለሁ» አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሰይድ ዘመተ፤ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ መጨረሻውን እንደ ድሮው አድርጌ ጻፍኩት። ወጣቷ «አሁን የሚወደደው እንዲህ ያለው ነው» ብላ ተደሰተች። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ብቻዬን ብዙ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋን ሴትዮ ያኔ የሚያውቃት፣ መልሳት ያለኝ ሰይድ መመለሷን አላየም።

እናንተስ፣ የጻፋችሁትን ቀድማችሁ ታሳዩት የነበረ፣ አሁን የሌለ ሰው አላችሁ? ስሙን ብቻ እንኳ ጻፉልኝ።