ከኬፕ ኮስት ተመልሼ እናቴን የጠየቅኳት

ከገላን እስከ አክራ

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በሴሚስተር እረፍት፣ ወደ ጋና የሄድኩት ለታሪክ መምህራን በተዘጋጀ ስልጠና ለመሳተፍ ነው። ርዕሱ የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ነበር። ይህን ምዕራፍ ቃሊቲ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ባሕሩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም አብራኝ የምትኖረው እናቴ እስከ ደረጃው ወርዳ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪኖች ጋር ሲጋፋ ቆይቶ፣ ሳሪስ አቦን አልፎ ቦሌ አደረሰኝ። አክራ ስወርድ ሙቀቱ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ አጣበቀው።

የኬፕ ኮስት መንገድ

ስልጠናው ካለቀ በኋላ አዘጋጆቹ በአውቶቡስ ወደ ኬፕ ኮስት ወሰዱን። መንገዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ በስተግራ ባሕሩ፣ የኮኮናት ዛፎችና ቀለም የተቀቡ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። መንገድ ዳር ባንኩ በላን። ከቦካ የበቆሎና የካሳቫ ሊጥ የሚሠራ ነው፤ ገንፎ ይመስላል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከተጠበሰ ዓሣና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር ይቀርባል። ዋጋው ወደ ብር ሲመነዘር ሳሪስ ከምበላው ምሳ ብዙም አይርቅም።

ለባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይታጎሩበት የነበረው የኬፕ ኮስት ምሽግ ነጭ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሆቴል ይመስላል። አስጎብኚያችን ወጣት ጋናዊት ናት። በጠባብ ቁልቁለት ወደ ምድር ቤቱ አስገባችን። ከጣሪያው ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም። መርከብ እስኪመጣ ድረስ የተያዙት ሰዎች እዚህ ተጨናንቀው ይከርሙ ነበር። ከራሳችን በላይ ደግሞ ጸሎት ቤት እንደነበረ ነገረችን።

"እንግሊዞች ንግዱን በሕግ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1807 ነው" አለች። "ባርነቱ ግን በቅኝ ግዛቶቻቸው ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። የሕዝብ ዘመቻ ብቻ አይደለም ያስቆመው፤ ባሪያ የተባሉት ሰዎችም ደጋግመው አምፀዋል።"

ከዚያ ሰዎቹ መርከብ ይሳፈሩበት ወደነበረው በር ወሰደችን። ዛሬ ከበሩ ማዶ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጠግናሉ። ከቡድናችን ጋር ሚስ ክላሪስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጃማይካዊት ነርስ ነበሩ። የበሩን ድንጋይ በመዳፋቸው ነክተው ቆሙ።

"የእኔ ሰዎች ከየት መንደር እንደመጡ አላውቅም" አሉኝ። "አንተ ከኢትዮጵያ ነህ፤ እናንተ ጋ ይህ ነገር አልነበረም አይደል?"

"ነበረ" አልኳቸው። "አንዳንዱ በቀይ ባሕር ይሻገር ነበር፤ ብዙው ግን እዚያው አገር ውስጥ በእግር ይነዳ ነበር። አያቴ በልጅነቷ ከከፋ ተወስዳ ተሸጣለች።"

ይህን ለባዕድ ሰው ቀርቶ ለባልደረቦቼ ነግሬ አላውቅም። እኛ ቤት አይነሳም። እህቴ ልታገባ ስትል የልጁ ቤተሰቦች አጥንታችንን አስቆጥረው ሽማግሌ ሳይልኩ ቀርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ አፏን ዘግታለች።

ሚስ ክላሪስ መዳፋቸውን ከድንጋዩ አንስተው፣ "የሚያስታውሳት ሰው አለ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እናቴ አለች።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድና ጠይቃት" አሉኝ።

ወደ ቤት

ገላን የደረስኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ የምድር ቤቱን ስነግራት እጇ ቆመ።

"እማዬ፣ አያቴ ከተሸጠችበት ቤት እንዴት ወጣች?"

ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመረች።

"ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባርነት ቀረ የሚለው አዋጅ ሲነገር ገበያ ነበረች" አለች። "ሰማች። ቤት ተመልሳ እንስራውን አስቀመጠች፣ እኔን አዘለችና ወጣች። ማንንም አልተሰናበተችም።"

"ለምን ወደ ከፋ አልሄደችም?"

"መንገዱን ማን ያሳያት? አቃቂ ባቡር ጣቢያ እንጨት እየሸጠች አሳደገችኝ። አንድ ቀን የአገሯ ሴት አገኘች። ሴትየዋ በቋንቋቸው ብታናግራት እናቴ መመለስ አቃታት፤ ጠፍቶባት ነበር። ቆማ አለቀሰች። ሴትየዋም ወገቧን ይዛ አብራት አለቀሰች።"

ከታች ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይጮሃሉ።

"ለተማሪዎቼ ልንገራቸው?" አልኳት።

እናቴ ምስሩን ወደ ጎን አደረገችው። "እህትህ ላይ የደረሰውን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም።"

"ከነገርካቸው አንዲት ባሪያ ነበረች ብለህ እንዳትጀምር" አለችኝ በመጨረሻ። "የልጅ ልጇ ነኝ ብለህ ጀምር።"

ትምህርት ሲከፈት እንደዚያው ጀመርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ያንን ምዕራፍ ለዓመታት ሳስተምር የሌላ አገር ሰዎች ታሪክ አድርጌው ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ስማቸው ማን ነበር?"

"አስካለ" አልኳት፤ ቀጥዬም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።