አጥፋው

እህቴ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የምትናገረዋ ሴት ናት። የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ፣ ማን ሻንጣውን ረስቶ እንደወረደ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ ቢሮ ውስጥ ብስኩት እየበላ እንደሚጠብቅ የምትናገረው እሷ ናት። የሰፈር ልጆች «እትዬ ቀጣዩ» ይሏታል፤ ንግግሯን ሁሉ «ቀጣዩ አውቶቡስ» ብላ ነዋ የምትጀምረው። አንድ ቀን አትክልት ቤት ገብታ «ቲማቲም መዝኑልኝ» ስትል ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ ደንግጦ ዘንቢሉን ብድግ አደረገ። መኪናው ሊያመልጠው መስሎት ነው። እቤትም ያው ናት፤ ምሳ ሲደርስ «ክቡራን ተሳፋሪዎች» ካላለች እጁን የሚታጠብ የለም።

እንዲህ ባለች ሴት አንገት ላይ ነው እንቅርት የወጣው። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለ። «የድምፅሽ ነርቭ በአጠገቡ ስለሚያልፍ እንጠነቀቃለን፤ ቢሆንም ስትድኚ ድምፅሽ የድሮው ላይሆን ይችላል» ሲል እኔ ታናሿ ወንበሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን እያነሣች «እንግዲያው ቀድሜ እቀዳዋለሁ» አለችው።

የጣቢያው ኃላፊ ሐሳቡን ወደደው። «ሰው የማያውቀውን ድምፅ አምኖ መኪና አይሳፈርም» ነው የሚለው ሰውዬው። «ድምፅሽ ቢለወጥ የተቀዳውን እናሰማለን፤ አንቺ ቁልፉን ትጫኛለሽ። የተቀዳ ከሌለ ግን ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።» ስለዚህ እቤት ባለው ኮምፒውተር፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ የጉዞውን ማስታወቂያ ሁሉ ቀዳች። እኛም በጫማ እንዳንራመድ ተከልክለን በካልሲ ከረምን።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እቤት በትራስ ተደግፋ ተኛች። ሐኪሙ «ድምፅ የሚባል ነገር እንዳታወጪ፣ ሹክሹክታም ቢሆን» ብሎ ስላስጠነቀቃት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ከነጠመኔው ገዛሁላት። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይቀድማል። እሷ ዝም ስትል የሁለቱንም ድርሻ እሱ ያወራው ጀመር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ቢሉት አይሰማም፤ እሱ እንደሆነ ዝንብ ቢገባበትም አውርቶ ነው የሚያስወጣው።

ኃላፊው «ቅጂውን ነገ አምጡልኝ» ብሎ በደወለበት ዕለት ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ባሏ ወደ ፍላሽ ሊገለብጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስክሪኑ አልንቀሳቀስ አለ፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ብቻ ይጮኻል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ለካ ለእኛ ቤት ኖሯል የተተረተው። ባሏ የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል።

«ጋሼ፣ ከበሮ አይደለም እኮ» አልኩት።

የኮምፒውተር ነገር የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት፤ ከአልጋዋ ሆና ግን ስክሪኑ አይታያትም። ስለዚህ እሱ የሚያየውን ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ሰሌዳውን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ። «ፍላሹን ንቀለው» አለች፤ ነቀለው። «ጠብቅ» አለች፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ለሱ ከባድ ሥራ ነው፣ ግን ጠበቀ።

«ተንቀሳቀሰ» አለ በመጨረሻ። «ድምፅሽ ያለበት ፎልደር ወጥቷል፤ ግን ክፈት ብለው አይከፍት፣ ገልብጥ ብለው አይገለብጥ። ምን ላድርገው?»

እህቴ አንድ ቃል ጻፈች፤ «አጥፋው»።

ትንሽ ነካካና «እርግጠኛ ነህ ወይ እያለ ይጠይቀኛል» አለ።

ትዕግሥቷ አልቆ ሰሌዳውን በጠመኔው ደበደበችው። ራሷንም ነቅንቃ አዎ አለች፤ ቁስሏን አሟት ፊቷ ተኮማተረ።

«አጥፍቻለሁ» አለ፣ ደንበኛ ሸኝቶ ጨርቁን እንደሚያራግፍ ሰው ዘና ብሎ። «ቆሻሻ ቅርጫቱንም ደፍቼልሻለሁ።» የቆረጠውን ፀጉር ሳይጠርግ ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። የጠፋ ኮምፒውተር ቅርጫት አይደፋም። ማራገቢያው አሁንም ይጮኻል።

«ምኑን ነው ያጠፋኸው?» አልኩት።

«ድምፁን ነዋ። አጥፋው አላለችም?»

መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል፣ የተቀዳም ይጠፋል፤ ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለን። እህቴ ኮምፒውተሩን ዝጋና እንደገና አስነሣው ማለቷ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጠመኔ ወለምታ በምን እንደሚታሽ እኔ እንጃ።

ያን ጊዜ ነው «ኮምፒውተሩን እኮ ነው» የሚል ድምፅ የሰማነው። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ወለል ላይ የሚጎተት ሣጥን የመሰለ። ባሏ ወደ በሩ ዞረ።

«ማነው? ግቡ» አለ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። እህቴ እጇን ፋሻው ላይ አድርጋ ዓይኗን አፍጥጣ ቀርታለች፤ ያን ድምፅ እሷም እንደ እኛ ገና መስማቷ ነው። ባሏ ፊቱን ቀስ ብሎ ከበሩ ወደሷ መለሰ፣ ዐመድ መስሏል። አልጋው ሥር ተንበርክኮ እግሯን ያዘና የቀድሞዋኑ ቃል ደገማት፤ «አጥፍቻለሁ»። አሁን ግን እያለቀሰ ነበር።

የኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ሲታገል ውሎ የቅጂዎቹን ስም ብቻ መለሰልን። ቢከፍቷቸው ጭጭ ናቸው።

ፋሻው ተፈትቶ ወደ ሥራ ስትመለስ ድምጿ ያው ሻካራው ነበር። ኃላፊው አንድ ጊዜ እንድትሞክር ፈቀደላት፤ ፊቱ ግን ቁርጡን ነግሮናል። እኔ ከክፍሏ መስታወት ውጪ ቆምኩ።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ቀጣዩ አውቶቡስ ለመነሣት ተዘጋጅቷል» አለች።

ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን አየ፤ ከወንበሩ የተነሣ ግን የለም። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

መጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ሰው የመቀስ ቦርሳውን ብድግ አድርጎ ተነሣ። ሱቁን ዘግቶ እንደመጣ ለማናችንም አልነገረንም። መኪናው የት እንደሚሄድ እንኳ ሳይጠይቅ ተጣድፎ ገባ። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን እየጎተተች ተከተለችው፣ ከሷ ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየተጋፋ ተነሣ። ባሏ ልውረድ ቢልም የሚያሳልፈው አጣ። አውቶቡሱ ሞላና እሱንም ይዞ ሄደ።