የፕላስቲክ ውሃ

ያ ሰውዬ ካትማንዱ፣ የቡድሂስቶቹ መቅደስ ነጭ ጉልላት ሥር፣ የጸሎት ዕቃ ከምንሸጥበት ሱቃችን ሲገባ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ሰዓቱ የድስት ክዳን ያክላል። የቡድሃ ምስል የሚመርጠው በቁመት ነው፤ ከሶፋው በላይ ለእንግዳ በደንብ እንዲታይለት። ዛሬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለቡድሃ ውሃ የሚቀዳባቸውን ሰባት የነሐስ ጽዋዎች አስወርዶ ፊቱን አጨማደደ።

«በየቀኑ ማን ይቀዳል? ውሃ የሚመስል ፕላስቲክ ያለበት የላችሁም?»

«ጸሎቱንስ በፕላስቲክ እናድርግልህ፣ የኔ ጌታ?» አለችው ባለሱቋ እትዬ ያንግዞም።

ሳቀ። ሲስቅም ያስጠላል። ስልኩ ጠራና ስለ ሲሚንቶ ይጮህ ጀመር። ግራ እጁ ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ጽዋዎቹን በመስመር ደረደረ፤ ልክ እንደ መነኮሳቱ ደንብ በየመሃላቸው የገብስ ፍሬ የምታክል ክፍተት ተወ። ከዚያ ከቀኝ ጀምሮ አንድ በአንድ በአፋቸው ደፋቸው። ባዶ ጽዋ ቡድሃ ፊት አፉን ከፍቶ አይቀመጥማ።

«ይሄ ገዳም ያደገ እጅ ነው» አለችኝ እትዬ ያንግዞም በሹክሹክታ።

ስልኩን ሲዘጋ ሁለታችንም እጁን እያየን ነበር። ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«ፕላስቲኩ ሲመጣ ደውሉልኝ» ብሎን ወጣ።