የሁለተኛው እንደራሴ ልጆች

በሲያትል ያለው የአውራጃችን ተወላጆች ማኅበር ለምሥረታ በዓሉ አንድ መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሣና የእንደራሴዎቹን ምዕራፍ ለእኔ ሰጠኝ። በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ መርጦ ፓርላማ የላካቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ማን ተመረጠ፣ ስንት ጊዜ ተመረጠ፣ ምን ሠራ፤ በመጨረሻም ልጆቹ እነማን ናቸው፣ የት ይኖራሉ። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ያስገባችው የኮሚቴው ሊቀመንበር ናት። የመጀመሪያው እንደራሴ ልጅ ስትሆን ከሲያትል አጠገብ ሬንተን ትኖራለች።

"አባዬ ሁለት ዘመን ተመርጧል፤ እሱን አስተካክለህ ጻፍልኝ" አለችኝ።

"ማስረጃ አለ?"

"እኔ ቁጭ ብዬ ምን ማስረጃ ትላለህ?"

በአባት ጉዳይ ልጅን ምስክር አላደርግም። ያለችውን ጽፌ "ገና ያልተረጋገጠ" የሚል ምልክት አደረግሁበትና ረቂቁን ለአባላቱ በስልክ ላክሁ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ኮል አደረጉልኝ። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ይኖራሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበሩ። ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ የሚሄዱ ሰው ናቸው።

"ጋዜጠኛው! በሁለተኛው ምርጫ የሴትየዋ አባት ተሸንፏል" አሉና ያሸነፈውን ሰው ስም እስከ አያቱ ጠሩልኝ።

"እርስዎ በምን ዐወቁ?"

"ጎረቤት ነበርን።"

አላመንኋቸውም። የእኛ አገር ሰው የመሬት ጠብን ባሕር አሻግሮ እንደሚያመጣ በሥራዬ አይቻለሁ፤ በአንድ መስመር የሰው አባት እንዳሳንስላቸው የሚፈልጉ መሰለኝ። ሽማግሌው ስሙን ለጠሩት እንደራሴ ዘመድ አይደሉም፤ የአባታቸውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ከእንደራሴው ስም ጋር አይገናኝም። ታዲያ ምን አገባቸው?

ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የዚያን ዘመን የምክር ቤት አባላት ዝርዝር አስወጣሁ። ሽማግሌው የጠሩት ስም እዚያ አለ። ስሙ ያለ መሆኑ ግን የበለጠ አጠራጠረኝ፤ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆነ ጎረቤት ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ የቆየ ልማድ አለኝ። ስለ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ፣ በመሀሉ ሳምንታት አሳልፌ። የሸመደደ ሰው ቃል በቃል ይደግመዋል፤ የኖረበት ሰው ግን ሁለተኛው ላይ ያልተጠየቀውን ይጨምራል። በመጀመሪያው ጊዜ ሽማግሌው የነገሩኝ፣ ሰውየው በተመረጠ ማግሥት በበቅሎ ወደ መንደር ሲገባ ሕዝቡ እስከ ወንዙ ወጥቶ እንደ ተቀበለው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ኦቴሎ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ያንኑ ጠየቅኋቸው።

"በቅሎዋ ውሃ ትፈራ ነበር" አሉ። "መሀል ወንዝ ስትደርስ ቆመች። ከፊቱ ኮርቻው ላይ አስቀምጦኝ ስለ ነበር በአንድ እጁ ደረቴን አቅፎ ..."

ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ።

"በዚያን ቀን የጎረቤት ልጅ ነው ከፊቱ ያስቀመጠው?" አልኋቸው።

ሻያቸውን ገፋ አደረጉት። "አንተ ሰው ፖሊስ ነህ እንዴ?"

"አይደለሁም።"

"ከፖሊስ ትብሳለህ።" ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ሰው ከነልጁ አሜሪካ እንዲሄድ ተፈቅዶለት ነበር፤ ጉዞው ሳይደርስ ልጁ በወባ ሞተ። ሰውየው በሟቹ ልጅ ፋንታ እሳቸውን ይዞ መጣ። እዚህ የመጡት፣ ዜግነት ያገኙት፣ አራት ልጆች ያሳደጉት በሟቹ ስም ነው። ልጆቻቸው አያታችን የሚሉት ያንን ሰው ነው።

"እንደራሴው አባቴ ነው" አሉ። "እሱን ከመጽሐፉ እንዳታወጣው። እኔን ደግሞ እንዳታስገባኝ።"

ጥርጣሬዬን ግን በዚያው አልተውሁም። አገር ቤት ያለች እኅታቸውን በቪዲዮ አገናኙኝ፤ ስለ ወንዙና ስለ በቅሎዋ ሳልነካካት ራሷ ነገረችኝ። በቃኝ።

ችግሩ ያቺ የልጆች መስመር ሆነች። ሊቀመንበሯ የሁለተኛውን እንደራሴ ስም ከዝርዝሩ ሳሳያት ፊቷ ጠቆረ፤ ሆኖም ወረቀት ነውና ተቀበለች። "ኦኬ፣ ልጆቹን አግኝልኝ። ካጣህ 'ዘመድ ካለ ይደውል' ብለን እንለጥፋለን፤ የዚህ ከተማ ሰው በሁለት ቀን ያወጣዋል" አለች።

ሽማግሌው ዘንድ ደወልሁ።

"ሳይወልድ ሞተ በለው።"

"ይህን አልጽፍም ጋሼ።"

"አልተገኙም በለው።"

"አግኝቻለሁ እኮ። እሱንም አልጽፍም።"

"እንግዲያስ ምን ልትጽፍ ነው?" አሉ። "አንተን ማመኔ ነው ጥፋቱ።"

ሁለት ቀን አሰብሁበት። ከዚያ የልጆቹን መስመር ከአራቱም እንደራሴዎች ላይ አወጣሁና ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ። የሊቀመንበሯ ስም የሚነበብባት ብቸኛ ቦታ ያቺ መስመር ነበረች።

"ምነው ዘራችን አሳፈረህ?" አለችኝ በስልክ።

"ምዕራፉ የተመራጮች ነው። ልጆቻቸውን ማንም አልመረጣቸውም።"

"ቀልድህን ተው። ማንን ነው የምትደብቀው?"

እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ከጊዜ በኋላ፣ ከማረፋቸው በፊት፣ ይህን ታሪክ ስም ካልጠራህ ጻፈው ብለውኛል። አውራጃውንም የማልጠራው ለዚህ ነው።

በበዓሉ ቀን መጽሐፉ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተደርድሮ ነበር። ሽማግሌው ገጹን ገልጠው ቆመው አነበቡ። አጭር አንቀጽ ናት፤ ሁለቴ ሳያነቧት አልቀሩም። ከዚያ አራት መጽሐፍ ቆጥረው አነሡ።

"ለልጆቹ?" አልኋቸው።

"ለልጆቹ።"

"ምን ብለው ይሰጧቸዋል?"

"የአገራችን ሰዎች ናቸው እላለሁ። ያነቡ እንደሆነ ..." ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ሊቀመንበሯ ከአዳራሹ ማዶ ታየን ነበር። ሰዉን እየከፈለች ወደ እኛ መምጣት ስትጀምር መጽሐፎቹን ካፖርታቸው ውስጥ አስገቡና በጎን በር ወጡ። ደርሳ አጠገቤ ቆመች።

"እኒህ ሰውዬ አማርኛ የሚያነቡ ልጆች አሏቸው እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልሁ። ይህን በእርግጥ አላውቅም ነበር።