ኤደልሚራና የምስክር ወረቀቷ

ኤደልሚራ ፓቼኮ የካኞ ሞቾ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በእጇም መጽሐፍ ሳይሆን መጥረጊያ ነበር የያዘችው። አለቃዋ ሴኞሪታ ኦቲሊያ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ባል የሚባል ነገር አጠገባቸው ደርሶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ የሚገልጥ ሰው ካዩ ቄሱም ቢሆን አይለቁትም። ልጅቷ ስትወለውል ዓይኗ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እንደማይነቀል ሲያዩ ግን ልባቸው ራራ። በፊደል ተራ መደርደር፣ የተገነጠለ መስፋት፣ ካርድ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መሙላት፣ ሁሉን አንድ በአንድ አስተማሯት።

ከሁሉ በላይ ግን ያስተማሯት አንድ ሕግ ነው፤ መጽሐፍ ያወረደ ሰው፣ አንብቦ ሲጨርስ ራሱ ቦታው ይመልሳል። ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሄደን ሰው ሴኞሪታ ኦቲሊያ እስከ መንገዱ ድረስ ተከትለው በስሙ እየጠሩ ይመልሱት ነበር። ኤደልሚራም ይህንኑ ሕግ ለከተማው ልጆች ሁሉ በየተራ አስተማረች። እንዲያውም ዝናብ ለማሳለፍ የሚገባ ሰካራም ሳይቀር ጋዜጣውን አጥፎ ካነሣበት ያኖራል። ካኞ ሞቾ በጭቃዋና በትንኟ ካልሆነ በሌላ የማትታወቅ የወንዝ ዳር ከተማ ናት፤ በዚህ ነገር ግን እንኮራ ነበር።

ሴኞሪታ ኦቲሊያ ሲሞቱ ቁልፉ በኤደልሚራ እጅ ቀረ። ለዓመታት ቤቱን ብቻዋን ይዛ ስትሠራ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን አሁንም የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሰዉም «የመጻሕፍቷ ሴትዮ» ከማለት አላለፈም። አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት ከወደ ዋና ከተማ አንድ መመሪያ ወረደ። ማንኛውም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምስክር ወረቀት ባለው ሰው እንዲመራ፣ ያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲሆን ያዛል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጠርቶ አስረዳት። እንደማያባርሯት፣ ወረቀቱን ካላመጣች ግን ሌላ ሰው እንደሚሾምና እሷ ወደ ጥንት ሥራዋ እንደምትመለስ ነገራት። ከመባረሩ ይልቅ ያቃጠላት ይኸኛው ነው። ማንበብ ባስለመደቻቸው ልጆች ፊት መጥረጊያ ይዛ ማጎንበስ ሞት መሰላት።

ስለዚህ ዋና ከተማው ቦጎታ ወርዳ ሦስት ወር ተማረች። መውረድ አልኩ እንጂ መውጣት ነው፤ ከተማው ተራራ ላይ ነው፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሹራብ ደራርባ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች መካከል ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት በግምት ስትሠራው የኖረችው ነገር ሁሉ ስምና ምክንያት እንዳለው ስታውቅ ደስታው እንቅልፍ ነሣት። አስተማሪዋ ሊሴንሲያዳ ማርጎት የምትባል ንግግረ ፈጣን ሴት ነበረች። ቤተ መጻሕፍት መጋዘን እንዳልሆነ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው መጽሐፍ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት አስተማረቻቸው። መነካቱ በምን ይታወቃል? በውሰት የሚወጣው ከኋላ ሽፋኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ማኅተም ይታወቃል። እዚያው ተነብቦ የሚቀረው ደግሞ ማታ ማታ ከጠረጴዛ ላይ ሲሰበሰብ ይቆጠራል። ኤደልሚራ ይህን ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችና ገጹን ገለጠች። በካኞ ሞቾ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ትቶ የሚሄድ ሰው እንደሌለ ትዝ አላላትም። በማን እፈርዳለሁ፤ እኔም ብሆን ትዝ አይለኝም ነበር።

የመመረቂያ ሥራዋ የራሷን ቤተ መጻሕፍት ማጣራት ነበር። ተመልሳ በሩን ለአምስት ሳምንት ዘጋችና ወገቧን አስራ ጀመረች። መጽሐፉን ታወርዳለች፣ የኋላ ሽፋኑን ትከፍታለች፣ ወረቀቱን ታያለች። ማኅተም ካለው ይመለሳል፤ ከሌለው «የተወገደ» ተብሎ ይመታበታል። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ላይ ታመነታ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ለመደችው፤ ፍጥነቷም እሷኑ አስገረማት። አሥራ አንድ ጆንያ ሞላ። ጀልባው ጭኖ ወደብ ከተማው ባራንኪያ ወዳለ የወረቀት ፋብሪካ ወሰደው።

ደንቡን የጣሰችው በአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። እሱም የጠፉ አገሮች ሁሉ ያሉበት፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል አሮጌ አትላስ ነው። ያዳነችውም ለዶን ቤሊሳሪዮ ብላ ነው።

ዶን ቤሊሳሪዮ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎርፉ ከወንዙ በታች የነበረችውን ፕላያ ቴሬሳ የተባለች መንደራቸውን ጠርጎ ሲወስዳት ወደኛ መጡ። ሐሙስ ሐሙስ ዓሣቸውን ሸጠው ሲያበቁ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ መስኮቱ ሥር ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ይቀመጡና አትላሱን ይዘረጋሉ። ማንበብ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል። «ዶን ቤሊሳሪዮ፣ ዛሬ የት ደረሱ?» ይሏቸዋል። «ቻይና ነኝ፤ የዓሣው ዋጋ እሳት ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ሳይዞሩ። ኤደልሚራ አትላሱን ለምን እንደተወችው በሪፖርቷ ላይ በሦስት መስመር አብራራች። ሊሴንሲያዳ ማርጎት ለቁጥጥር ስትመጣም ከሁሉ ያደነቀችው ይህንን ነው። አንባቢዎቿን የምታውቅ ባለሙያ ናት ብላ በከንቲባው ፊት አመሰገነቻት።

ምስክር ወረቀቱ ረቡዕ ዕለት ተሰጣት፤ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። ዶን ቤሊሳሪዮ ሁለት ቦካቺኮ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መጡ። «እንኳን ደስ አለሽ ኒኛ ኤዴ። ሹም ሆንሽ አሉ» አሏት በቁልምጫ፤ ዓሣውንም በሩ ላይ ሰቅለው ገቡ። መደርደሪያው ጋ ብዙ ቆሙ። አትላሱን አወረዱ፤ ዞር ብለው ስለ አካባቢያችን የተጻፉት ያሉበትን መደርደሪያ በጣታቸው እየነኩ ፈለጉ፤ እንደገና ፈለጉ። ከዚያ ወደ እሷ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጭኗ ሰማያዊ የት ሄደች ብለው ጠየቋት።

ኤደልሚራ መጀመሪያ አልገባትም። ሽማግሌው እያፈሩ አስረዷት። ቀጭኗ የመንደራቸው ትምህርት ቤት ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ጊዜ የታተመች መጽሔት ናት። ስድስተኛ ክፍሎች ተሰልፈው የተነሡት ፎቶ አለባት፤ ከግራ ሦስተኛዋ ልጃቸው ኑሪስ ናት። ኑሪስ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በወባ ሞተች። ሌላው ፎቶ ሁሉ ከቤቱ ጋር ጎርፍ በላው፤ መንደሩም ከነትምህርት ቤቱ የለም። ሽማግሌ ሰው የልጆች መጽሔት ይዞ ሲያለቅስ እንዳይታይ ብለው አትላሱ ውስጥ እየከተቱ ነው ለዘጠኝ ዓመት ያዩዋት። ሲጨርሱም እንደ አገሩ ወግ ሁለቱንም ቦታ ቦታቸው ይመልሱ ነበር።

ኤደልሚራ እስከ ሐሙስ ይታገሡኝ፣ እፈልጋለሁ አለቻቸው። ማግስቱን በመጀመሪያው ጀልባ ባራንኪያ ሄደች። የፋብሪካው ዘበኛ ጠባይ ያለው ሰው ነበርና እስከ ጓሮው አስገባት። የካኞ ሞቾ ጆንያዎች ከሁለት ሳምንት በፊት እንደገቡ ከመዝገቡ አይቶ ነገራትና አንድ ትልቅ ገንዳ አሳያት። ውስጡ የተፈጨ ወረቀት ግራጫ ገንፎ መስሎ ይዞራል። ቆማ አየችው። ሰውዬው ውሃ ልስጥሽ ወይ ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ ማልቀሷን አላወቀችም።

በሐሙሱ ዶን ቤሊሳሪዮ ሲመጡ ከጠረጴዛዋ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያሰበችውን ማለሳለሻ ሁሉ ትታ እውነቱን ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ የጣልኳት። ማንም አያያትም ብዬ ነው። ፋብሪካው ድረስ ሄጄ ነበር፤ የለችም ዶን ቤሊሳሪዮ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቢጮኹባት፣ ቢረግሟት በወደደች። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የቸገረው ሰው ልመና ነበር።

«ይሁን፣ ምን ይደረጋል። አውቀሽ አላደረግሽው። ግን አንቺ ነሽ በመጨረሻ የያዝሻት አይደል? መልኳ እየጠፋብኝ ነው ልጄ። በዚያች ወረቀት ነበር የምይዛት። ከግራ ሦስተኛዋን አየሻት? ፀጉሯን በየት በኩል ነበር የከፈለችው? እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ አስታውሰዋለሁ።»

ኤደልሚራ ሰማያዊውን ሽፋን አስታወሰችው። የት መደርደሪያ ላይ እንደነበረ፣ ባዶውን የውሰት ወረቀት፣ ማኅተሙን የመታችበትን ጥግ ጭምር ደህና አድርጋ ታስታውሳለች።

«አልገለጥኳትም» አለቻቸው። «ከኋላ ብቻ ነው የከፈትኳት።»

«ትንሽ እንኳ? ስትዘጊያት?»

በግራ በኩል ብትላቸው ያምኗት ነበር። በግራ በኩል ብለው ይዘውት ይኖሩ ነበር።

«ትንሽ እንኳ አላየኋትም» አለች።