ፈረንሳይኛ የተማረው ሳል

ተማሪዎቻቸው «ማዳም» ይሏቸዋል። ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸበተ፤ ጥያቄው ግን አላረጀም። «ማዳም፣ የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል?» «ጠረጴዛ በምን ምክንያት ሴት ሆነች?» «ይሄን በእኛ ቋንቋ ቃል በቃል እንዴት እንበለው?» ዘንድሮም ያው ነው።

ንባብ የሚያስጠኑት በካሴት ነው። ድምፁ የሟች ባላቸው ነው። እሱም መምህር ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ተማሪው እስኪመልስ ዝም ይላል። ማዳም ቤታቸውም ይከፍቱታል። በፈረንሳይኛ «እንደምን ዋላችሁ?» ሲል፣ በዝምታው ውስጥ «ደህና ነኝ» ይሉታል። ልጃቸው ከጓዳ፣ «እማዬ፣ ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይላል» ትላለች። ማን ሰምቷት።

አንድ ቀን ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ጎበዟ፣ ነርሷ፣ ከቃል ፈተና ፊቷ ጠቁሮ ክፍል መጣች። ፈተናውን ካላለፈች ውጭ አገር ያገኘችው ሥራ ይቀርባታል።

«ፈታኙ ውሃ ሰጠኝ» አለች። «ካመመሽ በሳምንቱ ነይ አለኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም።»

«እስቲ ያልሽውን በይው።»

አለችው። ጥርት ያለ ፈረንሳይኛ ነው። ግን ከየዓረፍተ ነገሩ በፊት፣ እህ፣ እህ፣ እህህህ።

«ሳሉን ምን አመጣው?»

«ካሴቱ ላይ አለ እኮ ማዳም፤ ሁላችንም እንለዋለን። የማይነበብ ፊደል ካለ፣ የማይጻፍ ድምፅም ይኖራል ብዬ ነው።»

ማዳም ጠየቁ እንጂ አያውቁም እንዳይባል፣ ያውቃሉ። ክፍሉ ባንድ ላይ ሲስል፣ ባላቸው በየወንበሩ የተቀመጠ ይመስላቸው ነበር። ደስ ይላቸውም ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበላቸው። አሁን ግን የሙት ሳል የቋሚ እንጀራ ሊዘጋ ነው።

ካሴቱን ከማጫወቻው አወጡት። «ሳሉ የፈረንሳይኛ አይደለም» አሉ። «የባለቤቴ ነው። ታሞ ነው የቀዳው። ከዛሬ ጀምሮ አትሳሉ።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። እንዲህ ያለ ሳል ወዴት እንደሚያደርስ ከሥራዋ ታውቀዋለች።

የዚያን ቀን ማዳም ራሳቸው አነበቡ፤ ክፍሉ ተከተላቸው። ማንም አልሳለም። ቀና ብለው ወንበሮቹን አዩ። የተቀመጡት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ።

ነርሷ በሳምንቱ ፈተናውን አለፈች። ማዳም ወሬውን ሰምተው ቤት ሲገቡ ካሴቱን ከፈቱ። ባላቸው ሳለ፤ «እንደምን ዋላችሁ?» አለ። ሊመልሱለት ፈለጉ፣ አፋቸው እምቢ አላቸው። ዝምታው ረዘመባቸው።

ከጓዳ ልጃቸው፣ እህ፣ እህ፣ እህህህ አለችና መለሰችለት።